ከኮርኒስ በላይ ያለው ሥራ
በቢቸናና በሞጣ መኖሪያ ቤቶች ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችን በጥንቃቄ ስለ መትከል የቀረበ ንግግር



ስለ ኤሌክትሪክ በተነሣ ቁጥር የመሐንዲስ ሐሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ትልልቁ ሥራ ነው። በዓባይ ተፋሰስ ብቻ እንኳ ቢታይ፣ የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ላይ ስሌቱ በብዙ ዓይን ተመርምሯል፤ ዕቃው ተፈትሿል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ የሆነ ባለሙያ ተመድቦለታል።

ይኸው ኃይል ከቆጣሪው አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ በኋላ የሚጓዝባቸውን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች የሚመረምር ግን እምብዛም አይገኝም። ሕፃናቱ የሚተኙት ከእነዚህ ሜትሮች ሥር ነው። የዛሬው ንግግር የሚመለከተውም እነርሱን፣ ይልቁንም ከኮርኒሱ በላይ ተሸሽገው ያሉትን ነው።

የጉዳዩ መነሻ

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላቸው የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዓባይ በረሓ ያዋስናቸዋል። እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ በእነዚህም ከተሞች በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራው ባለ ቆርቆሮ ቤትና በብሎኬት የተገነባው አዲሱ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ ለጥር ወር ሠርግ የሚሰናዳ አንድ ቤት ይታሰብ። ግድግዳው ይለሰናል፤ ቀለም ይቀባል፤ ወለሉ ይታደሳል። በመጨረሻም ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ፣ በገበያ ስፖት ላይት የሚባሉትን በኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ ክብ መብራቶች በካርቶን ይዞ ይደርሳል። ሠርጉ ሊደርስ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ሠራተኛ ይጠራል፤ ኮርኒሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበሳል፤ ማታ ቤቱ ያበራል። እናት ይመርቃሉ፤ ጎረቤት ያደንቃል። ከኮርኒሱ በላይ የተሠራውን ግን ከሠራተኛው በቀር ያየው ሰው የለም።

ደስታውን የሚነቅፍ ሰው አይኖርም። በኩራዝና በፋኖስ ጭስ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆች ብሩህ ቤት ማየት ትልቅ ነገር ነው። የባለሙያው ድርሻ ይህ ደስታ ወደ ሐዘን እንዳይለወጥ መጠበቅ ነው።

የመብራቱ ጠባይ

ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ብሩህ ዳዮድ በጃፓን ሊቃውንት ጥረት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከተገኘ በኋላ ነጭ ብርሃን በኤል.ኢ.ዲ. ማግኘት ተቻለ። ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የግኝቱ ጥቅም በቁጥር ሲታይ፣ የዱሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ያህል ብርሃን ዛሬ ከ7 እስከ 9 ዋት በሚወስድ ኤል.ኢ.ዲ. ማግኘት ይቻላል።

ይሁንና ከዚህ ቁጥር አንድ የተሳሳተ እምነት ተወልዷል። ይኸውም፣ «ዘጠኝ ዋት ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ስሕተቱ በሦስት በኩል ይገለጻል።

አንደኛ፣ መብራቱ የሚወስደው ኃይል ቢያንስም ወደ እርሱ የሚመጣው ሽቦ ያው 220 ቮልት የተሸከመ ነው። ሰውን የሚይዘው ይህ ቮልቴጅ ነውና የመብራቱ ዋት ማነስ ከአደጋው አንዳች አይቀንስም።

ሁለተኛ፣ የኤል.ኢ.ዲ. ሙቀት እንደ ዱሮው አምፖል ከብርሃኑ ጋር ወደ ታች አይወጣም፤ ከመብራቱ በስተጀርባ ባለው የብረት ማቀዝቀዣ በኩል ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ይሄዳል። በቀትር ፀሐይ የጋለ የቆርቆሮ ክዳን ከላይ፣ የታፈነ አየር ከመካከል በሚሆንበት ጊዜ መብራቱ መቀዝቀዝ አይችልም። ድራይቨር በሚባለው የኃይል መለወጫ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ የሙቀቱ መጠን 10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ብዙ ዓመት ያገለግላል የተባለው መብራት በጥቂት ወራት መብለጭለጭ የሚጀምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የዱሮው አምፖል በገመድ ተንጠልጥሎ በዓይን ይታይ ነበር። ሽቦው ቢጠቁር፣ መያዣው ቢቀልጥ የቤቱ ሰው አይቶ ይናገራል። አዲሱ መብራት ግን ማያያዣውንም ድራይቨሩንም ይዞ ከዓይን ይሰወራል። ጥፋቱ የሚታወቀው ሽታው ወይም ጭሱ ሲወርድ ነው።

የአንዲት ማያያዣ ስሌት

አሥር ባለ 9 ዋት መብራቶች በአንድነት 90 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም በ220 ቮልት 0.41 አምፔር ያህል ነው። ሠራተኛው ሁለት ሽቦ በእጁ ጠምዝዞ ፕላስተር በመጠቅለል ያገናኘበት ቦታ 0.1 ኦም የመቋቋም መጠን አለው ቢባል፣ በዚያ ቦታ የሚፈጠረው ሙቀት 0.017 ዋት ብቻ ይሆናል። ይህ የሚጎዳ አይደለም።

ነገር ግን በብዙ ቤት ከዚያችው ማያያዣ ተነሥቶ ወደ ሶኬት የሚወርድ ሽቦ ይገኛል። በሶኬቱም ላይ አንድ ቀን የእንጀራ ምጣድ ይሰካል። ምጣዱ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን ኮረንቲው ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። የማያያዣዋ ሙቀት ከ1,500 ጊዜ በላይ አድጎ 25 ዋት ያህል ይሆናል ማለት ነው። ሬድዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ትንሹ መበየጃ ብረት የሚወስደው ኃይል ይህንኑ ያህል ነው። ምጣዱ በተጣደ ቁጥር፣ በደረቅ ባሕር ዛፍና በአቧራ መካከል፣ እንዲህ ያለ የጋለ ብረት ከኮርኒሱ በላይ ተቀምጦ ይቆያል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ ኮረንቲው ከመጠን አላለፈምና።

ከዚህ ስሌት የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ይገኛል። የመብራት መሥመር ከሶኬትና ከምጣድ መሥመር ፈጽሞ ይለያል። ለመብራቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል፤ ለተራ ሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይደረጋል፤ ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ በቀጥታ የሚሄድ፣ ለእርሱ ብቻ የተዘረጋ ወፍራም መሥመር ይኖረዋል። ማያያዣ ሁሉ ባለ ብሎን ሆኖ በተከደነ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳጥኑም ኋላ ሰው ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሆናል።

ኮርኒስ ሁሉ አንድ አይደለም

ሁለተኛው ደንብ፣ ቀዳዳ ከመውጣቱ በፊት መሰላል አቁሞ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ መመልከት ነው። እዚያ የሚገኘው የቤቱ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የዓመታት አቧራና የሸረሪት ድር፣ ከማድ ቤት የተነሣ ጥቀርሻ፣ የወፍ ጎጆ፣ ዐይጥ የበላው ሽቦ፣ አንዳንዴም ከኮርኒሱ ላይ የተከማቸ ዕቃ። ጤፍና ስንዴ በሚከማችበት ቤት ዐይጥ አይጠፋም። ዐይጥ ደግሞ የሽቦን ላስቲክ ይቆረጥማል። ስለዚህ ከኮርኒስ በላይ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ በጠንካራ ቱቦ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ኮርኒሱ ራሱ ከሦስት ዓይነት በአንዱ ይመደባል።

የመጀመሪያው ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረው ነው። በዚህ ላይ በኮርኒስ ውስጥ የሚገባ መብራት ፈጽሞ መተከል የለበትም። ጨርቁ መብራቱን አይሸከምም፤ ከሙቅ ብረትም ሊርቅ አይችልም። ባለቤቱ ቅር ቢለውም እውነቱ ሊነገረው ይገባል። በምትኩ በእንጨቱ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ከውጭ የሚታይ የኤል.ኢ.ዲ. መብራት ያገለግለዋል፤ ብርሃኑም አያንስም።

ሁለተኛው በሞራሌ ላይ የተመታ የቺፕውድ ኮርኒስ ነው። ይህ የሚቃጠል ዕቃ ስለሆነ፣ በመብራቱ ዙሪያና ከበላዩ አምራቹ በመመሪያው ያዘዘው ባዶ ቦታ ይተዋል። ቀዳዳው ሞራሌውን እንዳይነካ አስቀድሞ ይለካል። ድራይቨሩ በእንጨት ላይ እንዳይተኛ በማይቃጠል መደብ ላይ ይታሰራል።

ሦስተኛው የጂፕሰም ኮርኒስ ነው። እሳትን በመቋቋም ከሁለቱ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ጂፕሰሙን የተሸከመው ቀጭን የብረት ፍሬም የራሱ አደጋ አለው። የፍሬሙ ስለታም ጠርዝ የአንድ ሽቦ ላስቲክ ቢቆርጥ ፍሬሙ በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል። በቆርቆሮ ክዳንም ላይ ይኸው ይደርሳል። ላስቲኩ የተገለጠ አንድ ሽቦ ቆርቆሮውን ቢነካ፣ በክረምት ዝናብ ከአሸንዳው ሥር ውኃ የምትቀዳ ልጅ ልትያዝ ትችላለች።

የቀዳዳው ቁጥርም በልክ ይሁን። አራት በአራት ሜትር የሆነ ሳሎን 16 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ሉመን ቢታሰብና ከብርሃኑ ግማሹ በግድግዳና በርቀት ይጠፋል ቢባል 3,200 ሉመን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 800 ሉመን የሚሰጥ ከሆነ አራት መብራት ይበቃል። አሥራ ሁለት ቀዳዳ ማውጣት ለጌጥ ካልሆነ በቀር ለብርሃን አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳም ተጨማሪ ማያያዣና ተጨማሪ የሙቀት ምንጭ ነው።

የመሬት ሽቦና ጥቁሩ አፈር

አካሉ ብረት የሆነና በላዩ የመሬት ሽቦ ምልክት ያለበት መብራት ከመሬት ጋር መገናኘት ይኖርበታል። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ የሁለት አራት ማዕዘን ምልክት የታተመበት ግን ድርብ መከላከያ ያለው ስለሆነ የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት መምረጥ ይገባል።

የመሬት ዘንግ በሚቀበርበት ጊዜ የአካባቢው አፈር ጠባይ ሊታሰብ ይገባዋል። የቢቸና አካባቢ ለጤፍ የተመሰገነበት ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በነሐሴ ዘንጉን አጥብቆ የያዘው አፈር በመጋቢት ከዘንጉ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በክረምት ተለክቶ መልካም የተባለ የመሬት ግንኙነት በበጋ መልካም ላይሆን ይችላል። ዘንጉ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች እንዲወርድ ማድረግ፣ መለኪያውንም አፈሩ እጅግ በደረቀበት ወር መውሰድ ትክክለኛው አሠራር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ስሌት አስፈላጊ ነው። 10 አምፔር ብሬከር ወዲያውኑ እንዲቆርጥ እስከ 100 አምፔር የሚደርስ ኮረንቲ ሊፈልግ ይችላል። በ220 ቮልት ይህ እንዲያልፍ የጠቅላላው መንገድ መቋቋም ከ2.2 ኦም መብለጥ የለበትም። በአንድ የመሬት ዘንግ ብቻ ይህን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአንጻሩ፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል ኮረንቲ ከመንገዱ ሲያፈተልክ የሚቆርጠው መሣሪያ፣ የሚነካው ቮልቴጅ ከ50 እንዳያልፍ ለማድረግ በስሌት ከ1,600 ኦም በላይ የሆነ የመሬት መቋቋምን እንኳ ይችላል። በእርግጥ የመሬቱ መቋቋም ከዚያ እጅግ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ቁም ነገሩ፣ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ በተሠራ ቤት ይህ መሣሪያ እንደ ትርፍ ወጪ ሊቆጠር የማይገባው መሆኑ ነው። ያም ሆኖ መሣሪያው የላላ ማያያዣን ሙቀት አያውቅም፤ ስለዚህ የመልካም ማያያዣን ቦታ ሊተካ አይችልም።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራው ሲጀመር ዋናው ብሬከር ይዘጋል፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ሳጥኑ ይቆለፋል ወይም ጠባቂ ይደረግለታል። ቴስተሩ አስቀድሞ ኮረንቲ መኖሩ በታወቀ ቦታ ይሞከራል፤ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ ላይ ይሞከራል፤ በመጨረሻም ተመልሶ በታወቀው ቦታ ይሞከራል። የተበላሸ ቴስተር «ኮረንቲ የለም» ብሎ እንዳያሳስት ሌላ መንገድ የለም።

በዚህ ረገድ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ እንዲሁም በማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ የተለመደ አንድ አደገኛ አነጋገር አለ፤ «መብራት እኮ ሄዷል፤ ምን ያስፈራል?» የሚለው። መብራት በሄደበት ሰዓት ብሬከሩን ሳይዘጉ ሽቦ መያዝ፣ የሰውን ሕይወት ከሩቅ ጣቢያ በሚዞር ማብሪያ ላይ ማንጠልጠል ነው። የሄደው መብራት ሲመለስ ማንንም አያስፈቅድም። በቤቱ ወይም በጎረቤት ጄኔሬተር ካለ ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ በአምራቹ ልክ መሠረት ክቡ ቀዳዳ ይወጣል፤ ሽቦው በቱቦ ይሳባል። ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን መሆኑ ይረጋገጣል። ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ጠፍቶ ሳለ በጨለማ ጭላንጭል የሚያሳይ ኤል.ኢ.ዲ. አንዳንድ ጊዜ የዚህ ስሕተት ምስክር ነውና ሊናቅ አይገባም። እያንዳንዱ መብራት ከራሱ ድራይቨር ጋር ብቻ ይያያዛል። የአንዱ ድራይቨር ሲበላሽ የሌላውን ቆርጦ ሁለት መብራት ማያያዝ፣ ለአንዱ የተወሰነውን ኮረንቲ ማዛባት ነው። መብራቱ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ የመያዣ ስፕሪንጎቹ ሽቦውን እንዳይቆነጥጡ በእጅ ይዳሰሳል።

ኮረንቲ ከመለቀቁ በፊት ድራይቨሮቹ ተለያይተው የሽቦው መከላከያ በ500 ቮልት ሜገር ይለካል፤ ውጤቱ ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። ከዚያ መብራቱ ለአንድ ሰዓት ይበራና፣ ብሬከሩ ተዘግቶ ማያያዣውና ድራይቨሩ ይዳሰሳሉ። ከመጠን በላይ የሞቀ ካለ ሥራው አላለቀም።

የማኅበሩ ድርሻ

ክቡራን የሙያ ባልደረቦች፤

በዚህ ንግግር የተነገረው አዲስ ነገር አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ደረጃ አሥረኛው ክፍል የሕንፃ ኤሌክትሪክ አዘረጋግን የሚመለከት ነው፤ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽንም በዚሁ ጉዳይ የታወቁ ደረጃዎች አሉት። ችግሩ እነዚህ ጽሑፎች ካቻቪቴና ፒንሳ ይዞ መሰላል ላይ ከሚወጣው ወጣት እጅ ያልደረሱ መሆናቸው ነው። ይህ ወጣት ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው አይደለም። በግማሽ ቀን ዋጋ የሚሠራ፣ መለኪያ የሌለው፣ ሜገርን በስም ብቻ የሰማ ሠራተኛ ነው። የሙያውን ደንብ ያላካፈሉት እያሉ በእርሱ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይሆንም።

ስለዚህ ማኅበሩ ሦስት ነገሮችን ቢያደርግ ጠቃሚ ይሆናል። አንደኛ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ደንቦች በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛና በሥዕል አትሞ መብራቱ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ እንዲለጠፍ ማድረግ። ሁለተኛ፣ በየከተማው ካሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ጋር በመስማማት ለሠራተኞች የሁለትና የሦስት ቀን ትምህርት መስጠት። ሦስተኛ፣ አንድ ሜገርና አንድ የመሬት መቋቋም መለኪያ በየከተማው በውሰት የሚገኝበትን መንገድ መፈለግ። አንዱ መሣሪያ በብዙ ቤት ሊያገለግል ይችላልና ወጪው ከጥቅሙ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት መንደር እሳት ከተነሣ አስቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ የሚደርሰውም በባልዲ ውኃ ነው። በኤሌክትሪክ በተነሣ እሳት ላይ ኮረንቲው ሳይቆረጥ ውኃ መድፋት ደግሞ ሌላ ሞት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። በዚህ ሥራ ቅጠሉ አንድ መሰላልና አንድ የእጅ ባትሪ ነው፤ መጋዙ ኮርኒሱን ከመንካቱ በፊት ወደ ላይ ወጥቶ ማየት ነው።